ከፊልሙ የተቆረጠው ሙሾ

አየለች ሙሾ ስታወርድ ያላለቀሰ ሰው የለም ይላሉ የድብ ባሕር ሰዎች። ሟቹን የማያውቅ መንገደኛ እንኳ አህያውን አቁሞ ያለቅስላታል። ይህችው ሴት ግን አንድ ልጇ ስማቸው ሲሞት ዓይኗን አላረጠበችም።

ስማቸው ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወርዶ ነበር። በሁለተኛው ወር የወባ ንዳድ ጣለው። አብሮት የወረደው አስናቀው እዚያው ቀብሮት ተመለሰና ለእናቱ ብቻ ነገራት።

«ለሚስቱ እኔ እነግራታለሁ፤ አንተ አፍህን ያዝ» አለችው።

አልነገረቻትም። መርዶ ወግ አለው፤ ዘመድ ተጠርቶ፣ በማለዳ፣ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገረው። ማለዳው ግን እየነጋ እየመሸ ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ምክንያቷን እኔ ላሳምርላት አልችልም። ምራቷ ፀደንያ ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ባሏ መሞቱን ካወቀች አባቷ ከእንፍራንዝ መጥቶ ይወስዳታል፤ የሁለት ዓመት ልጇን ሃናንም አዝላት ትሄዳለች። ከስማቸው የቀረችው ሃና ብቻ ናት። ስለዚህ አየለች «ሱዳን ተሻግሯል አሉ፤ ደህና ነው አሉ» እያለች ዋሸች፣ ውሸቷንም በየወሩ አደሰችው።

ያላለቀሱት ልቅሶ ግን ሆድ ውስጥ አርፎ አይተኛም። ባለፈው መስከረም የፊልም ሰዎች ከጎንደር መጡ። በፊልማቸው ክፍል ሁለት ላይ ጀግናው ልዑልቃል ይሞታል፤ ደህና አልቃሽ ሲያፈላልጉ ስሟን ሰምተዋል። በማኪና ጭነው ጎንደር አጠገብ ጠዳ ወሰዷትና ባዶ የሬሳ ሣጥን ፊት አቆሟት። አየለች ሣጥኑን ስታይ ወራት ሙሉ የዋጠችው ገነፈለባት። ልዑልቃል የሚሉት ስም ከነመኖሩም ጠፋት።

*ማን አለቀሰልህ በመተማ አፈር፣*
*ስማቸው ልጄዋ፣ ያለ እናት ስትቀበር።*

ዳይሬክተሩ አስቆማት። «እናታችን፣ የሟቹ ስም ልዑልቃል ነው» አላት። ይቅርታ ጠይቃ ደገመችው። «የፊተኛው ይቆረጣል፣ አያስቡ» አላት። ተቆርጦ ተጣለ ብላ አመነች፤ በዚያ ሌሊት ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት።

ፊልሙ በሲዲ ሲወጣ ጎንደር ወርዳ የገዛችው ፀደንያ ራሷ ናት፤ አማቷን ደስ ላሰኛት ብላ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰዉ ፊልሙን ሊያይ አያ ፋንታሁን ሻይ ቤት ታጨቀ። አየለች ሃናን ታቅፋ ከፊት ተቀመጠች። ልቅሶው ሲመጣ «ልዑልቃል» እያለች ታየች፤ ሰዉ አጨበጨበላት። ያን ጊዜ ተነፈሰች።

ፋንታሁን ግን ካርቶኑን አገላብጦ አነበበ። «ገና ነው፣ አልጨረስንም። ሁለተኛ ሲዲ አለው። ያልታዩ ትዕይንቶች ይላል፤ ሲሳሳቱ፣ ሲወድቁ፣ የተቆረጠው ሁሉ እዚህ ነው።»

አየለች ከተቀመጠችበት ዞረች። «ምነው አያ ፋንታሁን፣ የሰው ስህተት ምኑ ይታያል?»

«ሸጋው እሱ አይደል።»

ጀግናው ከበቅሎ ወደቀ። የቄሱ ጢም ተላቆ ደረቱ ላይ ተንጠለጠለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ፀደንያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ራሴን አሞኛል፣ ቤት አድርሽኝ» አለች አየለች።

«ትንሽ ይታገሱ እማ፤ እርስዎን ሳናይ?»

የጠዳ ባሕር ዛፍ ታየ። ከሥሩ ሣጥኑ። አየለች ሃናን እንደታቀፈች ብድግ ብላ የቴሌቪዥኑን ገመድ ከግድግዳው ነቀለችው።

ሰዉ ይበልጥ ሳቀ። «አፍራ ነው» አለ ፋንታሁን፤ ገመዱን መልሶ ሰካው። ሲዲው ከመጀመሪያው ጀመረ። ጀግናው እንደገና ከበቅሎ ወደቀ።

አሁን የቀራት የጥቂት ደቂቃ ዕድሜ ነው፤ በቅሎው፣ ጢሙ፣ ከዚያ ሣጥኑ። ከቴሌቪዥን ከምትሰማው ከአፌ ትስማው ብላ ቆረጠች። የፀደንያን ክንድ ይዛ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

«ስማቸው…» አለች።

ፀደንያ ዞረች። ፊቷ በራ። «ስማቸው ምን? ላከ እንዴ?»

እንዲህ ያለ ፊት እያዩ ሞት መንገር ለማንም ይከብዳል። አየለች ደግሞ ከማንም የባሰች ፈሪ ነበረች።

«አዎ» አለች። «ልኳል።»

ፀደንያ እጇን ልትስም ጎንበስ አለች። ቀና ሳትል ሙሾው ጀመረ።

*ማን አለቀሰልህ በመተማ አፈር…*

ስሙ ሲጠራ ሳቁ ከኋላ ወደ ፊት እየከሰመ መጣ። ዳይሬክተሩ «የሟቹ ስም ልዑልቃል ነው» ሲል ነገሩ ለሰዉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተገለጠለት። ፋንታሁን ተንደርድሮ ሊያጠፋው እጁን ዘረጋ።

«ተወው» አለች ፀደንያ።

አልጮኸችም። ከገባችበት ቀን ጀምሮ እርስዎ ስትላት የኖረችውን አማቷን ቀጥ ብላ አየቻት።

«መቼ ነው የሞተው?»

«አምና… ኅዳር ላይ።»

«ጥር ላይ ሰርግ ቤት እስክስታ ስወርድ አብረሽ ስታጨበጭቢ ነበር። ባሌ ሞቶ ፀጉሬን ቅቤ የቀባሽኝ አንቺ ነሽ። አሁን እንኳ ልኳል አልሽኝ።»

«እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው ልጄ።»

ፀደንያ ሃናን ከእቅፏ ወሰደቻት። ልጅቷ የአያቷን ቀሚስ ጨብጣ አልለቅ ብላ ነበር፤ እናቷ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቃ አዘለቻት። አየለች ደረቷ ባዶ ሲሆን ጊዜ እጇን ራሷ ላይ ጭና አፏን ከፈተች፤ የታፈነው ሁሉ በሰው ፊት ሊወጣ ደረሰ።

«አንቺ አልቅሰሻል» አለቻት ፀደንያ። «ጠዳ ሄደሽ፣ ለብቻሽ፣ ድርሻሽን ጨርሰሻል። ይህ የኔ ልቅሶ ነው። ውጪልኝ።»

ከዚያ ወደ ፋንታሁን ዞረች። «አያ ፋንታሁን፣ መልሰው። ከስሙ ጀምረህ።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተነሱ። አየለች የሰዉን ፊት ተራ በተራ አየች፤ ልጆቻቸውን፣ ባሎቻቸውን ያለቀሰችላቸው ናቸው። አንዱም ቀና ብሎ አላያት።

ወጥታ አስፋልቱ ዳር ቆመች። ከውስጥ የራሷ ድምፅ ያወርዳል፤ ፀደንያ እየጮኸች ትቀበላለች፤ ሰዉ ይከተላል። ሲያልቅ ፋንታሁን ይመልሰዋል። አየለች እስኪመሽ ደጅ ቆመች፤ «ግቢ» ያላት የለም።