የብቸኛዋ አይጥ ጎረቤቶች

ዶክተር ኔልሲ ኤቻርት የሚወዷት ፕሮቲን ነበረቻቸው። ሰው ልጁን ይወዳል፣ ውሻውን ይወዳል፤ እሳቸው ደግሞ በአንጀት ግድግዳ ላይ የተተከለች አንዲት ፕሮቲን ወደዱ፤ ምን ይደረግ! ያገኟት በወጣትነታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ አግብተው፣ ባላቸውን ቀብረው፣ ፀጉራቸው እስኪሸብት እሷኑ ሲያጠኑ ኖሩ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር። አንጀት ሲቆስል ያቺ ፕሮቲን ለሕዋሳቱ "ተነሱ፣ ቁስሉን ድፈኑ!" የሚል መልእክት ታስተላልፋለች፤ እሷ ከሌለች ቁስሉ አይድንም። የቀራቸው ይህንን ማረጋገጥ ብቻ ነበር። ያንን ሥራ ለማሄላ ሰጧት።

ማሄላ የዶክትሬት ተማሪያቸው ናት። ከታኩዋሬምቦ፣ ከከብት አገር፣ ወደ ዋና ከተማው ወደ ሞንቴቪዴዮ የመጣች ጊዜ ሰው ፊት ቃል መተንፈስ ያቅታት ነበር። ኔልሲ ናቸው "እዚህ ቤት የሚያፍር ሰው አይጥ ይነክሰዋል" እያሉ አፏን የፈቱላት። ትወዳቸዋለች፤ ስትፈራቸው ደግሞ ለጉድ ነው። አሁን ክረምቱ ሲያልቅ በጡረታ ሊሰናበቱ ነው። ጽሑፉ ከዚያ በፊት ወጥቶ፣ የዕድሜ ልክ ሐሳባቸው እውነት ሆኖ እንዲሄዱ ማሄላ ከራሳቸው በላይ ጓጉታለች።

ውጤቱም ያማረ ነበር። አንጀት የሚያቆስል መድኃኒት ከጠጡት አይጦች መካከል ፕሮቲኗ ያላቸው ይድናሉ። ፕሮቲኗ ከዘራቸው የጠፋባቸው ግን ይከሳሉ፣ ፀጉራቸው ይቆማል፣ ደም ያስቀምጣቸዋል። በሁሉም ሳጥን እንደዚያው ነው፤ በመስኮቱ በኩል ካለችው ከአንዷ በስተቀር። እዚያች ውስጥ ያሉት ፕሮቲኗ የላቸውም፤ ግን ወፍረው፣ ፀጉራቸው ለስልሶ፣ ሽቦው ላይ ይንጠላጠላሉ።

"ምን ጉድ ነው ይሄ!" አለች ማሄላ። እያንዳንዱ አይጥ ጆሮው ላይ ምልክት ስላለው አንድ በአንድ እያነሳች አየች። አንዷ የዚያ ቤት ሰው አይደለችም። ፕሮቲኗ ካላት ወገን፣ ከጎረቤት ሳጥን የመጣች ናት። ሰው ነው ያስገባት።

ደሟ ፈላ። አይጦቹን ወደሚንከባከበው ወደ ዊልማር በረረች። ውጭ ዝናብ ይወርዳል፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ዊልማር ቶርታ የሚሉትን ሊጥ በዘይት ጠብሶ ማምጣቱ አይቀርም። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻይ በቅል እየቀዳ ለሠራተኛው ሁሉ በተራ ያዞራል።

"ዊልማር፣ አይጥ አዛውረሃል?"

"እኔ? አንቺ፣ ጤና የለሽም እንዴ!"

"ቁልፉ ያለው አንተ ጋ ነው።"

"ቁልፉማ አንቺም ጋ አለ፣ ዶክተርም ጋ አለ። ገና በጠዋቱ፣ ሰላም እንኳ ሳትይኝ የሌብነት ቃል ልስጥሽ?" አለና የማቴውን ቅል ሞልቶ፣ የእሷን ተራ ዘሎ ለዘበኛው ሰጠው። በዚያ አገር ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ዘበኛው እንኳ አፍሮ መሬት መሬት አየ።

"ማንን ነው የምትመረምሪው?" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ዶክተር ኔልሲ ናቸው። "እኔ ነኝ ያስገባኋት።"

"እርስዎ?"

"ጓደኞቿ ለምርመራ ተወስደው ብቻዋን ቀረች። እሁድ መጥቼ ሳያት ጥግ ይዛ ኩርምት ብላለች። አንጀቴን በላችው። ባዶ ቤት መቀመጥ ምን እንደሆነ ማን እንደኔ ያውቃል? ጆሮዋ ምልክት አለው፣ አትጠፋም ብዬ ከነዚያ ጋር ጨመርኳት። ልነግርሽ አስቤ ረሳሁት፤ እርጅና ነው።"

ማሄላ አፏን ያዘች። አንዴ ዊልማርን ይቅርታ ለመጠየቅ፣ አንዴ ደግሞ ለመጮህ ቃጣት። አይጥ የአይጥን ኩስ ይበላል፤ በአንድ ሳጥን ያሉት ሁሉ በሆዳቸው ያለው ባክቴሪያም አንድ ነው። በኔልሲ የወጣትነት ዘመን ይህን ከቁም ነገር የሚቆጥር አልነበረም፤ ባክቴሪያ ታጥቦ የሚጣል ቆሻሻ ነበር። ማሄላ ግን ገባት። እንግዳዋ አይጥ በሆዷ ይዛ የመጣችው ባክቴሪያ ጎረቤቶቿን ካዳናቸው፣ በየሳጥናቸው ተለይተው የኖሩትን ሁለት ወገኖች የለያያቸው ባክቴሪያው ነው፤ ቁስል የምትደፍነው ያቺ ፕሮቲን አይደለችም ማለት ነው። የኔልሲ ዕድሜ ሁሉ ባዶ ሊሆን ነው። 

ማምለጫ ግን ነበር። የተቀላቀለ ሳጥን ከሒሳብ ይወጣል፤ ደንቡ ነው፣ ማንም አይወቅሳትም። ማሄላ ያቺን ሳጥን አወጣች። "በመቀላቀሉ ምክንያት አንድ ሳጥን አልተካተተም" ብላ ጻፈች፤ ውሸት አይደለም። ውሸት ካልሆነ ታዲያ ምግብ ለምን አልበላ አላት?

ጽሑፉን ይዛ ስትገባ ኔልሲ እያንዳንዷን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

"ይቺ የወጣችው የኔዋ ያለችበት ናት?"

"አዎ፣ ዶክተር።"

"አይጦቹ እንዴት ናቸው?"

ማሄላ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ታስተካክል ጀመር።

"ማሄላ! አይጦቹ እንዴት ናቸው?"

"ድነዋል። ሁሉም።"

"ፕሮቲኗ ሳትኖራቸው?"

"ሳትኖራቸው።"

ኔልሲ መነጽራቸውን አወለቁ።  "ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?"

"ዊልማርን ከተቆጣሁት ዕለት ጀምሮ። ለእርስዎ ብዬ ነው፣ ዶክተር። ሊሄዱ ነው፤ እንዲህ ሆነው ሲሄዱ እንዴት አያለሁ?"

"አዘንሽልኝ?"

"አዎ።"

"እኔ ለአይጧ ባዝን ጎረቤት ሰጠኋት!" ጠረጴዛውን ደበደቡት። "አንቺ ብታዝኚልኝ ስህተቴን አሸክመሽ ልትሸኚኝ! ማዘን እንዲህ ነው? ይሄን ነው ያስተማርኩሽ?"

ማሄላ አለቀሰች። ኔልሲ አላባበሏትም፤ ግን መሐረባቸውን ወረወሩላት። "ተናፈጪና ተነሺ። አንድ ሳጥን ወሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም። እንደገና እንሠራዋለን።"

ጽሑፉ ቀረ። ከጤነኞቹ አይጦች ኩስ ሰብስበው በውሃ በጠበጡ። ፕሮቲኗ ከሌላቸው በሽተኞች መካከል ለእኩሎቹ እንዳለ፣ ለእኩሎቹ ደግሞ ባክቴሪያው እንዲሞት አፍልተው በቀጭን ቱቦ አጠጧቸው። ዊልማር ይቅርታዋን ተቀብሎ ማቴውንም መልሶላት ነበርና "እናንተ ዶክተሮች ምግብ ቤት ብትከፍቱ ዘመድ እንኳ አይበላላችሁም!" እያለ ያሾፍ ጀመር። ኔልሲ ይስቃሉ። ማሄላ ግን ሳጥኖቹ ፊት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆመው አይታቸዋለች። አይጦቹ እንዲድኑ ይሁን እንዳይድኑ የሚመኙት፣ እሳቸውም የሚያውቁት አልመሰላትም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። የፈላውን የጠጡት እንደከሱ ቀሩ። ሌሎቹ አገገሙ። ኔልሲ ካገገሙት አይጦች አንጀት የተቆረጠ ቁራጭ ማይክሮስኮፕ ላይ አስቀምጠው አጎነበሱ፤ ቀናም ሳይሉ ብዙ ቆዩ። ቁስሉ ተደፍኗል።

"ዶክተር፣ ደህና ነዎት?"

"ፕሮቲኔ ምንም አልሠራችም" አሉ።  ማሄላ ወንበር ልትስብላቸው ስትል ክንዷን አፈፍ አደረጉ። እንባቸው እየወረደ ነው። "ስሚ እንጂ አንቺ ልጅ! እኔ ልክ ብሆን ኖሮ አንጀቱ ቆስሎ የማይድንለትን ሰው ምን ልንለው ነበር? ከዘርህ የጠፋ ፕሮቲን ነው፣ አርፈህ ተቀመጥ ልንለው ነበር! ይሄ ባክቴሪያ ግን የሚዋጥ ነገር ነው! አንድ ቀን ለሰው በማንኪያ ሊሰጥ ይችል ይሆናል!"

ዊልማር ጩኸቱን ሰምቶ በሩን ከፈተ። ኔልሲ ማሄላን አቅፈው እየሳቁም እያለቀሱም ነበር።

"እንኳንም ተሳሳትኩ!" ይላሉ። "እንኳንም ተሳሳትኩ!"