የድምፅ ናሙና

“ማን ገባ? ባልየው ነው?”

አጣሪዋ ማውሱን ተጭና ቪዲዮውን አቆመች። ትንሽ ወደኋላ መለሰችና ማዳመጫውን ወደ ጆሮዋ አጥብቃ ደግማ ሰማችው። ድምፁ ከድራማው ተዋናዮች የአንዳቸውም አልነበረም። የእናቷ ነበር።

“ባልየው አይደለም፣ ጠበቃው ነው” አለ ሌላ ድምፅ። እሱም ታላቅ ወንድሟ ነው።

“ይሄ ሰውዬ አላማረኝም። ወረቀቱን እንዳትፈርም በላት!”

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ ትፈርስ ነበር። አሁን ግን ማንም እንዳላያት ዙሪያዋን ቃኘች።

የምትሠራው ተከታታይ ድራማ በሚያሰራጭ ድርጅት ውስጥ ነው። ድርጅቱ ድራማዎቹ ተሰርቀው በኢንተርኔት ሲተላለፉ እያደነ የሚይዝ ማሽን አለው። ማሽኑ እርግጠኛ የሆነበትን ራሱ ይዘጋል፤ የተጠራጠረውን ለእሷና ለመሰሎቿ ይልካል። እነሱ “የተሰረቀ” ወይም “ንጹሕ” ብለው ይመልሱለታል፣ እሱም ከመልሳቸው ይማራል። ማስተማሩ የእነሱ ነው፤ ምስጋናው ግን የማሽኑ።

ወንድሟን ሰፈሩ “ዲሽ” ይለዋል። በየሰው ጣራ እየወጣ ዲሽ ሲተክል ነው የኖረው። እሷን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ያስተማራትም በዚሁ ሥራ ነው። አንድ ቀን ከጣራ ወደቀና እግሩ እንዳይሆን ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቤት ቁጭ ብሎ ድራማ ያስተላልፋል፤ እሱና እናቱ የሚተዳደሩት ከዚያ በምትገኘው ነው። ቀጥታ የተቀዳውን ማሽኑ ስለሚይዝበት፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ስልክ አቁሞ ይቀርጻል፤ ምስሉንም ያጋድለዋል። ዓይናቸው የጠፋው እናቱ አጠገቡ ተቀምጠው ድራማውን በጆሯቸው ይከታተላሉ። ያልገባቸውን ይጠይቃሉ፣ ያልወደዱትን ይረግማሉ። ሌላ ጨዋታም ሌላ ጓደኛም የላቸውም። እህትየው ይህን ሁሉ ታውቃለች። ብቻ አንድ ቀን እሷ ፊት ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም።

“ንጹሕ” የሚለውን ልትጫን ስትል አለቃዋ ከኋላዋ ደረሰ።

“ምንድን ነው እንዲህ ያፈዘዘሽ?”

“ምንም… አንድ ድምፅ አለ።”

ማዳመጫውን ተቀብሎ ሰማና በሳቅ ፈረሰ። “አሮጊቷን ስሚያት! እሰይ፣ አገኘሽው! ምስሉን ያጋድል፣ ቀለሙን ይቀይር፤ እናቱን ግን የት ይጥላታል? በይ፣ ከየት እስከ የት እንደምትናገር ቆርጠሽ አውጪልኝ። ማሽኑን ድምፅዋን እናስተምረው።”

“የሴትየዋን?”

“የማንን ነው ታዲያ? የቋሚ ቅጥርሽ ወረቀት እኔ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ እንዳትረሺ።”

“እናቴ ናት” ማለቱን ትታ “የተሰረቀ” የሚለውን ተጫነችና መቁረጥ ጀመረች። “ማን ገባ”ን ለብቻው፣ “እንዳትፈርም በላት”ን ለብቻው አወጣች። ሳላቸውን እንኳ አልተወችም። እየቆረጠች አፈረች፤ እያፈረች ቆረጠች።

አለቃዋ ሥራዋን አየና ከንፈሩን መጠጠ። “ጥሩ ነው፣ ግን አነሰ። ሰውየው በሌላ ስም ቻናል መክፈቱ አይቀርም። አሮጊቷ በአንድ ሁለት የድራማ ክፍል ላይ ካወራችልን ከዚያ በኋላ በምንም ስም ቢመጣ አበቃለት። አንቺም ያኔ ፊርማዬን ታገኛለሽ።”

ከምሳ በኋላ ስልኳ ጮኸ። ዲሽ ነው። ወደ ኮሪደሩ ወጥታ አነሳችው።

“ጉሮሮዬን ዘጉት!” አለ። “አንቺ እዚያው አይደለሽ እንዴ? በምን እንደያዙኝ ንገሪኝ፣ ዛሬውኑ በሌላ ስም እከፍታለሁ።”

“እኔ እንጃ። ማሽኑ ነው የሚያውቀው።”

“ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ምስሉን አጋድያለሁ፣ ቀለሙን ቀይሬያለሁ። የቀረው የእማዬ ወሬ ነው። ዝም በይ ስላት መቼ ትሰማኛለች! በቃ፣ ድራማው እስኪያልቅ ጓዳ አስገብቼ በሩን እዘጋባታለሁ።”

“እንዴት እንደዚህ ታደርጋታለህ?”

“ታዲያ ምን በልቼ ላኑራት?”

ስልኩ ተንኳኳና የሰው ትንፋሽ ተሰማ። እናታቸው ቀምተውት ነበር።

“ልጄ፣ እኔን አትደብቂኝ። የያዙት በእኔ ድምፅ ነው? ከሆነ ጓዳ እቀመጣለሁ፣ ምን ቸገረኝ። የእሱ ጉሮሮ ከሚዘጋ የእኔ አፍ ቢዘጋ ይሻላል።”

በመስታወቱ በኩል አለቃዋ ወረቀቶች ሲያገላብጥ ይታያታል። “አዎ” ብትል ወንድሟ ይተርፋል፤ እናቷ ከጓዳ ግድግዳ ጋር ያወራሉ፤ ለማሽኑም ድምፅ፣ ለእሷም ፊርማ አይገኝም። “አይደለም” ብትል እናቷ ከቦታቸው አይነሱም፤ ወንድሟ ግን ያልቅለታል። “አይደለም” የምትለው ለእናቷ አዝና እንደሆነ ራሷን ልታሳምን ሞከረች። ራሷም አላመነቻትም።

“በአንቺ አይደለም እማዬ” አለች። “በምስሉ ነው። አንቺ እንደ ልብሽ ተጫወቺ።”

“እውነትሽን ነው?”

“እውነቴን ነው።”

“ተመስገን! ክፉ አይንካሽ ልጄ፣ ሆዴን አሳረፍሽው። ይሄ ልጅ እኮ ሊቀብረኝ ነበር!”

“ደግሞ ራቅ ብለሽ አትቀመጪ እማዬ” አለች አጣሪዋ። “ስልኩ ከሚቆምበት ጠጋ በይ።”