ለአምስት ሲካፈል

በአገራችን አርብ ቀን ሁለት ነገር በጉጉት ይጠበቃል፤ አንዱ የሳምንቱ ማለቅ ነው፣ ሌላው እኔ ነኝ። የሳምንቱን የኃይል ገበያ ዘገባ የምጽፈው እኔ ነኛ! የሰሜኑ ነፋስ ምን ያህል መብራት አመነጨ፣ የደቡቡ ግድቦች ውኃ እስከ የት ደረሰ፣ የምሥራቁ ፀሐይ ደመና ጋረደው ወይስ ተወው፣ ጋዝ የጫኑት መርከቦች የት ደረሱ፣ በመጪው ሳምንት ዋጋው በየክልሉ ወዴት ያዘነብላል፤ ይህ ሁሉ ከእኔ ብዕር ሳይወጣ ማንም አያውቀውም። የፋብሪካ ባለቤቶች ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቁኛል። አንድ ጊዜ ጉንፋን ጥሎኝ ዘገባው ቢዘገይ የሲሚንቶ ገበያ ተናጋ ተብሏል። ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቢሆንም ተብሏል።

የገዛ ቤተሰቤ ግን ከአገር ተለይቶ አያምነኝም። ጥፋቱ የአባታችን ነው። ልጅ ሆኜ ወንዝ ውስጥ በር የሚያህል ዓሣ አየሁ ብዬ ነበር። አባቴ እጄን ይዞ ወንዙ ድረስ ወሰደኝ። ዓሣው የበር እጀታ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ እጀታውም ቢሆን የትልቅ በር እጀታ ነው። አባቴ ከዚያ ተመልሶ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የዚህን ልጅ ወሬ ለአምስት አካፍላችሁ ስሙት» ሲል ደነገገ። አባታችን ቢያልፍም ድንጋጌው አላለፈም። ቤቴ ሃምሳ እንግዳ ይመጣል ያልኩ እንደሆን ታላቅ እህቴ ለአሥር ሰው ታበስላለች። የሚያንገበግበኝ ደግሞ ምግቡ ልክክ ብሎ መብቃቱ ነው።

እኔም ኑሮዬን በዚሁ አስተካክያለሁ። ወረቀት ላይ አንዲት ፍሬ አጋንኜ አላውቅም፤ ወረቀት ላይ ካጋነንኩ እንጀራዬ ይቀራል፣ ቤት ውስጥ ካላጋነንኩ ሰሚ አላገኝም።

ታላቅ እህቴን እትዬ እላታለሁ። ወደቡ አጠገብ የበረዶ ፋብሪካ ነበራት። ባሏ ሲሞት ዘመድ ሁሉ «ሽጪውና ተቀመጪ» ሲላት ለብቻዋ ይዛ ያቆየችው ፋብሪካ ነው። ረጅም የጨው ውኃ ገንዳ አለ፤ ገንዳው ውስጥ የቆርቆሮ ቅርጾች ተሰድረው ይጠልቃሉ፤ ቅርጾቹ ውስጥ ያለው ንጹሕ ውኃ ሲጋገር በመንጠቆ ይወጣና እርጥብ ጣውላ ላይ እየተንሸራተተ መጋዝ ወደያዙት ሠራተኞች ይወርዳል። ውጭ የዓሣ ነጋዴዎች ጋሪያቸውን ደርድረው ይጨቃጨቃሉ። በረዶ ማለት ውኃና መብራት ነው፤ ውኃው ርካሽ ነው።

መብራቱን በተመለከተ ልማዱ እንዲህ ነው። በየወሩ የመጀመሪያ አርብ፣ መሥሪያ ቤት ሳይዘጋ፣ እንደ እትዬ ያለ ደንበኛ ኃይል አቅራቢው ዘንድ ደውሎ ይመርጣል። ወይ «ቋሚውን» ይላል፤ ትንሽ ወደድ ይላል፣ ግን ወሩን ሙሉ አይነቃነቅም። ወይ «የሳምንቱን» ይላል፤ ያኔ ገበያው ሲወርድ አብሮ ይወርዳል፣ ሲወጣም አብሮ ይወጣል። አንዴ ከመረጠ ወሩ እስኪያልቅ መመለስ የለም።

በዚያ አርብ ቁጥሮቹን ሳይ ጆሮዬ ጋለ። በአብዛኛው አገር ዋጋው እየወረደ ነበር፤ ደቡብ ዝናብ ግድቦቹን ሞልቶ አፍስሷል፣ ምሥራቅ ሰማዩ ጠርቷል። ወደብ ግን ሌላ ጉድ ነው። የደቡቡን ርካሽ ኃይል ወደ ወደብ የሚያመጣው መስመር ለጥገና ሊቋረጥ ነው፤ የሰሜን ነፋስ ሊተኛ ነው፤ የሚቀረው ጋዝ ነው፣ ጋዙም ተወዶ መርከቡ ዘግይቷል። የአገሪቱ አማካይ ዋጋ ሲወርድ የወደቡ ሁለት እጥፍ ተኩል ሊሆን!

አለቃዬን እኛ ሠራተኞቹ «አማካይ» እንለዋለን። አንዱ ልጁ ከክፍሉ አንደኛ፣ ሌላው መጨረሻ ቢወጣ «ልጆቼ መካከለኛ ናቸው» ብሎ በሰላም የሚተኛ ሰው ነው።

«የወደቡን ከላይ እናውጣው» አልኩት።

«ርዕሱ ‹ዋጋ ወረደ› ነው። ሰው የሚወርድ ነገር ደስ ይለዋል።»

«ወደብ ያለውስ ሰው?»

«እሱ መጨረሻ ገጽ ድረስ ያንብባ። ፊደል ቆጥሯል አይደል?»

እኔም መጨረሻ ገጽ ላይ አንዲት አንቀጽ አስቀመጥኩ። እንደ እሷ ያለች ንጹሕ አንቀጽ በዚህ ምድር ላይ ተጽፋ አታውቅም፤ ይህን የምለው የጻፍኳት እኔ ስለሆንኩ አይደለም። ዘገባው እንደወጣ ኮቴን አንጠልጥዬ በቀጥታ ወደ እትዬ ከነፍኩ።

ቢሮዋ የምትባለው በመስታወት የተከለለች ጠባብ ክፍል ናት። እትዬ ቦቲ ጫማዋን እንዳጠለቀች ተቀምጣለች፤ ልጇ ስልኩ አጠገብ ናት፤ ሜካኒኩ በሩን ተደግፎ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል።

«እትዬ፣ ዛሬ ቋሚውን ያዢ።»

«ምነው? ዋጋ ወረደ ብለሃል አሉ፤ በሬዲዮ ሰማሁ።»

«እሱ የአገሩ አማካይ ነው። የወደቡ ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል።»

የእህቴ ልጅ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቅላ አሰላች። «ሁለት ተኩል ሲካፈል ለአምስት... እማዬ፣ ግማሽ ነው! አጎቴም እኮ ወረደ ነው የሚለው!»

ሜካኒኩ ከሳቁ የተነሣ ጨርቁን ጣለ። እትዬ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅ አመለጠኝ፤ ቀልዱ ጥሩ ነበር።

«ዛሬ አታካፍሉ! የምሬን ነው!»

«መች የምርህን ያልሆነ ነገር ተናግረህ ታውቃለህ?» አለችኝ እትዬ። «የዓሣው ጊዜም ምለህ ነበር።»

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ቁጥሩን ብቻ ብደግመው ኖሮ ምናልባት ትሰማኝ ነበር። ግን ደሜ ፈላ። «ይኼን ቁጥር እኮ ሚኒስትሩ ራሳቸው ደውለው ጠይቀውኛል! አርባ መሐንዲስ ከወንበሬ ጀርባ ቆሞ አፉን ከፍቶ ሲያየኝ ነው የዋለው!»

«ስምንት መሐንዲስ» አለች የእህቴ ልጅ።

ከወንበሬ ጀርባ የነበረው መስኮት ነው። መስኮቱም አይከፈትም።

እትዬ ሳቋን ዋጥ አድርጋ እጄን ያዘችኝ። «ስማኝ ወንድሜ። ያ እዚህ አጠገቤ በረዶ የሚያመርተው ጎረቤቴ በርካሽ እየሸጠ ደንበኞቼን አንድ በአንድ እየወሰዳቸው ነው። የትልቁ ማሽን ፓምፕ ደግሞ እያቃሰተ ነው። ዋጋው ወርዶልኝ ይኼን ወር ትንሽ ከተነፈስኩ ፓምፑን እቀይራለሁ፤ ቋሚውን ከያዝኩ ግን አልቀይርም። ገባህ?»

«እሺ መጨረሻውን ገጽ አንብቢው። በፈጠረሽ!»

«መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ። ደግሞስ ያው ያንተ ወሬ አይደል? ሲጻፍ ምን ይጨመርበታል?»

ስልኩን አነሣች። «የሳምንቱን» አለች።

ሰኞ ነፋሱ ተኛ። የሰሜን ተርባይኖች እንደ ተቀጣ ተማሪ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። መስመሩ ተቋረጠ፣ የጋዙ መርከብ ከአድማስ ወዲያ ቀረ፣ የወደቡ ዋጋ ሽቅብ ጋለበ። ሁለት እጥፍ ተኩል ላይ ደርሶ ፀጥ አለ፤ ያልኩት ላይ፣ የፀጉር ያህል ሳይስት። በኃይል ገበያ ታሪክ እንዲህ ያለ ትንበያ የተናገረ ሰው አልተወለደም። የሚያጨበጭብልኝ ግን አንድ ሰው አጣሁ፤ እኔም ለማጨብጨብ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

እትዬ መጀመሪያ ትንሹን ማሽን አጠፋች። ቀጥላ በረዶው ላይ ዋጋ ጨመረች፤ ነጋዴዎቹ ጋሪያቸውን አዙረው አጥር ወደሚለያት ጎረቤት ሄዱ። ጎረቤትየው ቋሚውን ይዞ ኖሯል። በመጨረሻ ትልቁም ማሽን ቆመ። ከሥራ ወጥቼ ስደርስ የፋብሪካው ፀጥታ ጆሮ ያደነቁራል። ያልተሸጠው በረዶ ጠርዙ ሟሙቶ ያለቀ ሳሙና መስሏል፤ ወለሉ ወንዝ ሆኗል። እትዬ ውኃውን በመጥረጊያ ወደ ቦዩ ትገፋለች። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ዛሬስ ስንት ገባ?» አለች ቀና ሳትል።

ነገርኳት። የእህቴ ልጅ ወደ ጣሪያው አላየችም።

«እትዬ፣ ትንሽ ጽኚ። ከጥገና ክፍሉ ወሬ ደርሶኛል፤ በሁለት ሳምንት መስመሩ ይመለሳል። ያኔ የወደቡም ዋጋ ይተኛል።»

«አምኜሃለሁ» አለችኝ።

ይህችን ቃል ከዚያች ሴት አፍ ለመስማት ዕድሜዬን ሙሉ ጠብቄያለሁ። ስትመጣ ግን እንዲህ መጣች።

«አምኜሃለሁ፤ ግን ማመኔ ማሽን አያስነሣም። ዓሣ ሁለት ሳምንት ተቀምጦ አይጠብቀኝም። ነጋዴውም እንደዚያው ነው፤ አንዴ ሌላ ደጅ ከለመደ ለመደ። ዕቃውን ልሸጥ ነው፤ ሰውየው ሊያይ ይመጣል።»

ሰውየው ያው ጎረቤቷ ነው። ቆቡን አውልቆ፣ ልክ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ገባ። ትልቁን ማሽን ዞሮ አየ፣ ገንዳውን አየ። ከዚያ እኔን አየና ፊቱ በራ።

«እርስዎ የሳምንቱን ዘገባ የሚጽፉት አይደሉም? አንድ ስብሰባ ላይ ሲናገሩ አይቼዎታለሁ!» እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ ወዘወዘው። «ሬዲዮው ወረደ፣ ወረደ ሲል እኔ መጨረሻ ገጽ ላይ ያለችውን አንቀጽዎን አነበብኩ። ‹ሁለት እጥፍ ተኩል› ይላል። እኝህ ሰው ትርፍ ቃል አይጽፉም አልኩና ቋሚውን ያዝኩ። እርስዎ ነዎት ያተረፉኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ!»

መጥረጊያው ቆመ። ሜካኒኩ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ለባዕድ ነው እንዴ እንዲህ የምትናገረው?» አለችኝ እትዬ፣ ቀስ ብላ።

«ያቺ አንቀጽ እኮ በመላው ዓለም...» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። ከአፌ ተጀምሮ ሳያልቅ የቀረ ጉራ ያ የመጀመሪያው ነው።

እትዬ ወደ ሰውየው ዞረች። «ሜካኒኩን ካልወሰድከው ማሽኑንም አልሸጥልህም።»

«እወስደዋለሁ፣ እመቤቴ።»

«በል ጨርስ።»

ሰውየው ወደ ገንዳው ተንጠራራ። ውኃው ጎድሎ የቆርቆሮ ቅርጾቹ አፋቸውን ከፍተው ይታያሉ፤ አንዳንዱን ዝገት በስቶታል። «ከነዚህ ደህናዎቹ ስንት ይሆናሉ?» ሲል ጠየቀ።

«ወንድሜን ጠይቀው» አለች እትዬ። «አንተ እሱን ታምናለህ አይደል?»

ሦስቱም ተመለከቱኝ፤ እትዬ፣ ልጇና ሜካኒኩ። ቁጥር ያለበት ቦታ ቆሜ አለመቁጠር አልችልም፤ ወለሉ ላይ ከቆምን ጀምሮ ረድፍ በረድፍ ቆጥሬ ጨርሻለሁ። ሰውየው አፌን ይጠብቃል፤ ያልኩትን ያህል ቆጥሮ ሊከፍል ተዘጋጅቷል።

«ደህናዎቹ መቶ አሥር ናቸው» አልኩ።

«እርስዎ ካሉ መቁጠርም አያስፈልግ» ብሎ ቆቡን ደፋ።

ትክክለኛው ቁጥር ነበር። አንዲት ቀዳዳ ቆርቆሮ እንኳ አልጨመርኩላትም።

እትዬ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቋ ግን የሚያስደስት አልነበረም።

«ዛሬ ነው?» አለችኝ። «ከሁሉ ቀን መርጠህ ዛሬ?»