አባቴ ሣር የያዘበት መንገድ

ከአርባ ምንጭ ወደ ቀበሌያችን የሚወጣውን መንገድ ሰው ሲያመሰግን ስሰማ ደሜ ይፈላል። «ደርግ ቢያንስ መንገድ ሠራላችሁ» ይሉኛል ሲቀላ በሚባለው የከተማው ገበያ የማገኛቸው ሴቶች። ደርግ እቴ! ደርግ ዶማ ሰጠ እንጂ የቆፈርነው እኛ ነን። ከሁሉም በላይ የቆፈረው ደግሞ አባቴ ዳልጮ ነው።

ሁለቱ ተራሮች የሚገናኙበትን ጠባብ ማለፊያ በር እንለዋለን። ድሮ በበሩ የሚታለፈው በእግር ብቻ ነበር። የታመመ ሰው በቃሬዛ ይወርዳል። እናቴም ምጥ ጠንቶባት ሲያወርዷት እዚያው ቁልቁለት ላይ፣ የአባያ ሐይቅ ከታች እየታያት ሞተች። እኔና ወንድሜ ዘካሪያስ ቀረን። የገበሬ ማኅበሩ ለመንገድ ሥራ ሰው ሲያዝዝ ሌላው እያጉረመረመ ይወጣል፤ አባቴ ግን ማንም ሳይጠራው ይሄዳል። «መኪና ቢኖር እኮ ትድን ነበር» እያለ ድንጋዩን ይፈልጣል። ክረምት የናደውን በበጋ መልሶ ይክባል። ዘካሪያስም ከጎኑ አፈር ይዝቃል። ጎረቤቱ «ዳልጮ መንገዱን አገባው» እያለ ይስቅበት ነበር።

መንገዱ በሩን ባለፈበት ዓመት ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ። ወደ እኛ መጀመሪያ የወጣው መኪና ሐኪም አላመጣም፤ ወታደር አመጣ። በገበያ ቀን ጎረምሶቹን እየለቀሙ ጫኗቸው። ዘካሪያስንም ጋቢ ሲሸጥ ያዙት።

አባቴ ይህን ሲሰማ አልጮኸም። ወደ ማሳው ዳር ሄዶ እርጥብ ሣር ነጨ። የእኛን አገር ለማያውቅ ልንገረው፦ በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ፣ ጦር የተማዘዘ እንኳ ባለበት ይቆማል። ሣሩን ተሻግሮ የሄደ ጎሜ የምንለው እርግማን ይይዘዋል፤ ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ በገዛ አፉ እስኪናዘዝ ድረስ ጥፋቱ አይለቀውም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሣር ሲታለፍ አላየም። መንግሥትም ሰው መሰለው።

በአቋራጭ ሮጠን መኪናውን በሩ ላይ ቀደምነው። አባቴ መንገዱ መሀል ተንበርክኮ ሣሩን በሁለት እጁ ዘረጋ። መኪናው ደረሰና ቆመ።

«አየሽ ጌጤ» አለኝ፤ «ቆሙ!» ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ እስክሞት አልረሳውም።

መቶ አለቃው ወረደ። አባቴ አማርኛ አያውቅም፤ እኔ ግን ከመሠረተ ትምህርት የለቃቀምኳት ነበረችኝ። «ጌታዬ፣ ሽማግሌ ነው! ሣር ይዟል! ሣር አይታለፍም፣ ነውር ነው!» አልኩት።

«ሣር? በሬ የጫንን መሰላችሁ እንዴ?» አለ። ወታደሮቹ ሳቁ። ወዲያው ፊቱን አጨፍግጎ ሾፌሩን «ንዳው!» አለው።

መኪናው ተንቀሳቀሰ። «አባባ፣ ተነሥ!» ብዬ ብጎትተው አልነቃነቅ አለኝ። «አያልፉም» ይላል። የሞተሩ ሙቀት ፊታችንን ገረፈን፤ እሱ ግን አሁንም «አያልፉም» ይላል።

ዘካሪያስ ከላይ ዘለለ። ሊያመልጥ መስሏቸው ወታደሮቹ ጠመንጃ አቀባበሉ። እሱ ግን ሮጦ አባቴ ፊት ቆመ።

«አባባ፣ ይገድሉሃል። ተነሥ።»

«ሣር ይዣለሁ፣ ልጄ። አይነኩህም።»

ዘካሪያስ ወደ እኔ አየ። ከዚያ እግሩን አንሥቶ ሣሩን ተሻገረና ከአባቴ ጀርባ ቆመ።

«አለፍኩት፣ አባባ» አለ። «በቃ፣ እኔው አለፍኩት። አሁን ተነሥልኝ።»

የአባቴ እጅ ወደቀ። ጎትቼ ዳር አወጣሁት። ዘካሪያስን መልሰው ጫኑት፤ መኪናውም ሣሩን ጨፍልቆ ወረደ።

አባቴ በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ወደሚሸነጉበት ሜዳ፣ ወደ ዱቡሻ ሄደ። «ያለፈው እኔ ነኝ በሉልኝ፤ እኔ ልናዘዝለት» ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። እነሱም አብረውት አለቀሱ። ሕጉ ግን ሕግ ነውና «ልጁ ራሱ ይምጣ፤ እንጠብቀዋለን» አሉት። ከዚያ ወዲህ አባቴ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ «ሲመጣ ቤት ሳይገባ ዱቡሻ እወስደዋለሁ።»

ሌላ ክረምት አልፎ የቀበሌው ሊቀመንበር ደጃችን መጣ። ቆቡን አውልቆ «ልጅህ ኤርትራ ላይ ለአብዮቱ ተሠውቷል» አለው። እኔ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። አባቴ ግን እንባ አላወጣም። ክንዴን ይዞ አነሣኝና ዓይን ዓይኔን እያየ ጠየቀኝ።

«ሳይናዘዝ?» አለ። «ጌጤ፣ ልጄ ሳይናዘዝ ነው የሞተው?»