ባዶ የቆሙት ማሽኖች

ናይሮቢ ባለ አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ ሃያ አራት ኮምፒውተሮች አንድ ላይ ተያይዘው ሰማንያ ተመራማሪዎችን ያገለግላሉ። ወረፋውን የምትቆጣጠረው ኔኬሳ ናት። ሰኞ ጠዋት ዝርዝሩን ስታይ የኤካይ ስም አሁንም ተራው ሳይደርስ ተቀምጧል። አሥራ አንድ ቀኑ።

ኤካይ ከዓመታት መምህርነት በኋላ ለዶክትሬት የተመለሱ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ በሰሜን ኬንያ የሚገኘውን የቱርካናን የከርሰ ምድር ውሃ ያጠናሉ። ስሌታቸው ሃያ አራቱንም ማሽን በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። ግን አንድ ማሽን በተለቀቀ ቁጥር፣ ትንሽ ሥራ ያለው ሌላ ሰው ሹልክ ብሎ ይገባበታል። ደንቡ ስለሚፈቅድ ማንም አላጠፋም።

"መምህር፣ ለምን አልነገሩኝም?" አለቻቸው ጠርታ።

"ሁሉም እንዲህ የሚጠብቅ መስሎኝ ነዋ።"

መልሳቸው አንገበገባት። ወዲያው አዲስ ሥራ እንዳይጀመር ዘጋች፤ የተጀመረው ብቻ ይጨርስ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ከሃያ አራቱ ማሽኖች አሥራ ዘጠኙ ባዶአቸውን ቆሙ፤ የእሷ ቢሮ ግን በሰው ተሞላ።

ቀድማ የደረሰችው የምሳ ጓደኛዋ አቺዬንግ ናት። "አሥራ ዘጠኝ ማሽን አስቀምጠሽ እኔን ትከለክዪኛለሽ? የሃያ ደቂቃ ሥራ እኮ ናት።"

"ያንቺ ሃያ ደቂቃ፣ የሌላው ሃያ ደቂቃ እየተባለ ነው ሰውዬው አሥራ አንድ ቀን የተቀመጡት።"

"ጓደኛሽ አይደለሁም እንዴ?"

"ነሽ። ላንቺ ከከፈትኩ በር ላይ ለቆሙት ምን እላለሁ?"

ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩ ዶክተር ኪፕሮኖ ደወሉ። "ማሽን ሥራ ፈቶ ይቆማል እንዴ፣ ኔኬሳ?"

"እስከ ነገ ጠዋት ብቻ፣ ዶክተር። አሁኑኑ ክፈቺ ካሉኝ ግን በጽሑፍ ያድርጉልኝ፤ ለኤካይ የማሳየው ነገር ያስፈልገኛል።"

ስልኩን ዘጉት። ጽሑፍ አልመጣም።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የመጨረሻው ማሽን ተለቀቀ። የኤካይ ስሌት ተነሳና ስድስት ሰዓት ፈጅቶ አለቀ። መምህሩ ስክሪኑ ላይ የወጣውን የውሃ ካርታ ቆመው ሲያዩ ቆዩ፤ ከዚያ ዞረው አመሰገኗት።

አቺዬንግ ሳምንቱን ሙሉ ምሳዋን ለብቻዋ በላች። ይህ ኔኬሳን ከፋት። ቢሆንም ሐሙስ ቁጭ ብላ አዲስ ደንብ ጻፈች፦ ብዙ ማሽን በአንድ ላይ የሚፈልግ ሰው ሰባት ቀን ከጠበቀ፣ ሌላው ቆሞ ያሳልፈዋል። ለሰማንያዎቹም ላከችው። ሦስት ተቃውሞ ደረሳት። ለሦስቱም በትዕግሥት መለሰች፤ ደንቡን ግን አልነካችውም።