መካኒኩ ያልሰማው ድምፅ

መካኒኩ በአውቶቡስ ጋራዥ ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራ ስሙ የገነነው በእጁ ሳይሆን በጆሮው ነበር። ሞተር ታመመ ሲባል ረዥም ካቻቢቴ ይዞ ከች ይላል፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዐይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ «ቫልቩ ነው» ወይም «ኩሽኔታው አልቋል» ይላል። ተፈትቶ ሲታይ ያለው ሆኖ ይገኛል። የሥራ ጓደኞቹ «ጆሮ» ብለው ስም አወጡለት፤ ጡረታ ከወጣ በኋላም መንገድ ላይ ሲያገኙት የሚጠሩት በዚሁ ነው።

ሚስቱም እንጀራዋ ከጆሮዋ ነው። መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛዋ ተቀምጣ፣ ማዳመጫ አድርጋ፣ በድምፅ የተቀዳ ስብሰባ እየሰማች በኮምፒዩተር ትጽፋለች። ሰዎቹ ተደራርበው ሲናገሩ፣ አንዱ ሲያስል፣ ሌላው ወንበር ሲጎትት፣ እሷ ከዚያ ሁሉ ግርግር መሃል ቃሉን ለቅማ ታወጣዋለች።

ኮምፒዩተሩ ግን አርጅቶ ነበር። ረዘም ያለ ቅጂ ሲከፈትበት ያቃስታል፤ እሷም እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ትጠብቀዋለች። አንድም ቀን አላማረረችም። መካኒኩን የበላው ይሄው አለማማረሯ ነው። ሌላ ከተማ ለምትሠራው ልጃቸው በስልክ ሹክ አላት፤ እሷም ማሽኑን የሚያፈጥን አዲስ ሚሞሪ ገዝታ ላከችለት፤ እንዴት እንደሚገባም አስረዳችው። አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን መሰካት ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ እህቷን ልትጠይቅ ስትወጣ ሥራውን ጀመረ። የኮምፒዩተሩን ሳጥን ጎን ፈታ፤ ውስጡ የከረመውን አቧራ በቀለም ብሩሽ ጠረገ፤ ሽቦዎቹን ወዲያ ወዲህ እያደረገ ጥጋጥጉን ሁሉ ወለወለ። አሮጌውን ሚሞሪ ነቅሎ አዲሱን ሲያስገባ ግን እጁ ሰነፈ። የአውቶቡስ ጎማ ሲፈታ የኖረ እጅ፣ ይህቺን እንደ ብስኩት የሳሳች ነገር እንዳይሰብር ፈርቶ ገፋ አደረጋትና ተዋት።

ቁልፉን ሲጫነው ማራገቢያው ዞረ፣ ትንሿ መብራት በራች። ስክሪኑ ግን ጭልም እንዳለ ቀረ።

ኬብሉን ነቅሎ ሰካ። ሶኬቱን ለወጠ። አሮጌውን ሚሞሪ መልሶ አስገባ፤ እሱንም እንደ አዲሱ በስሱ ነበር የነካው። ያው ነው። እንደገና አዲሱን አስገባ። ጠብ የሚል ነገር የለም። ላብ በላብ ሆኖ ሳለ ሚስቱ ተመለሰች፤ ጠረጴዛዋ ላይ ካቻቢቴውንና ሆዱ የተከፈተውን ማሽኗን አየች። ሊያስደስታት ብሎ የጀመረው መሆኑን እየተንተባተበ ነገራት። ሰኞ የምታስረክበው ሥራ እንዳለባት ሁለቱም ያውቃሉ። እሷ ግን ቦርሳዋን አስቀመጠች፤ «በርታ እንግዲህ» አለችና ሽንኩርት ልትከትፍ ወደ ማድ ቤት ገባች።

ልጁ ጋ ደወለ። የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻ ከፍ አድርጎ ጆሮው ላይ ለጠፈው፤ ሰሞኑን ሰው ሁሉ በስልክ ማንሾካሾክ አብዝቶበታል። ልጁ ያደረገውን አንድ በአንድ ጠየቀችው፤ በመጨረሻም ማሽኑ ሲነሳ ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ያሰማ እንደሆነ ጠየቀችው። ማሽኑ የጎደለውን የሚናገረው በዚያ ነው፤ እንደ ሕመሙ ዓይነት አጮሃጮሁም ይለያያል።

«ምንም ድምፅ የለውም» አለ መካኒኩ አፉን ሞልቶ።

ልጁም ድምፅ ከሌለው ችግሩ ምናልባት ዋናው ቦርድ ላይ ሊሆን እንደሚችል፣ ያ ደግሞ ከተቃጠለ ማሽኑ እንዳበቃለት ቀስ ብላ ነገረችው። መካኒኩ ክው አለ። ስልኩን ዘግቶ እግሩን እየጎተተ ወደ ማድ ቤት ሄደ።

«ገደልኩብሽ» አላት። «ዋናው ቦርድ ነው አለች ልጅሽ። ትንፍሽ አይልም።»

ሚስቱ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ካልተነፈሰ ታዲያ እንዲህ የሚጮኸው ምንድነው?»

«የምን ጩኸት?»

«ይሄው! አሁንም እኮ እየጮኸ ነው። ከመጣሁ ጀምሮ ጆሮዬን ሊበጥሰው ነው።»

ወደ ክፍሉ ዞሮ አዳመጠ። እንደ ድሮው ዐይኑን ጨፈነ። ማራገቢያው እንደ ሩቅ ወንዝ ሹ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ዐይኑን ሲገልጥ ሚስቱ ታየዋለች። አስተያየቷ የተገረመ ሰው አልነበረም። ድሮ የምታውቀውን ነገር ሌላው ሰው ገና ሲደርስበት ቆማ የምትጠብቅ ትመስላለች።

ከዚህ ቀደም ሐኪም እንዲያየው ዳር ዳር ብላ ነበር። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ አለፋት። የዘንድሮ ሰው አጥርቶ መናገር ትቷል፣ ቴሌቪዥኑም የፋብሪካ ችግር አለበት ሲል ከርሟል። ጆሮ ተብሎ የተጠራ ሰው በምን አንጀቱ አልሰማም ይበል!

ሚስቱ እጇን ታጥባ ወንበር ስባ ከማሽኑ አጠገብ ተቀመጠች። «ና» አለችው፣ «አንተ ትነካለህ፣ እኔ እሰማለሁ።»

ልጃቸው ጋ መልሰው ደወሉ። እናትየው ስልኩ ላይ ድምፁን አስመሰለችላት፤ ረዘም ያለ «ጢ...ጥ»፣ ፋታ፣ ደግሞ «ጢ...ጥ»። እንዲህ አፏን አሞጥሙጣ ስትጮህ መካኒኩ ጭንቀቱን ረስቶ ሳቀ። ልጅቷም ወዲያው ሚሞሪው ቦታውን እንዳልያዘ ነገረቻቸው፤ ማሽኑ ጠፍቶ፣ ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ፣ እስኪይዝ ድረስ ጠንከር ተደርጎ መጫን አለበት።

«ብሰብረውስ?» አለ።

«አትሰብረውም፤ ተጫነው» አለች ሚስቱ።

ተጫነው። ቀጭ ሲል አልሰማውም፤ በአውራ ጣቱ ግን መግባቱ ተሰማው። ማሽኑን ሲያስነሱት ስክሪኑ አሁንም ጨለማ ነበር፤ ሚስቱ ግን ጣቷን አነሳች። ጩኸቱ ተለውጧል፤ አሁን አንድ ረዥም አሰምቶ አጫጭር ያስከትላል። ያም ለልጃቸው ሲነገራት፣ ምስሉን ወደ ስክሪኑ የሚልከው ካርድ ተነቃንቆ እንደሆነ ገመተች። መካኒኩ መብራት አስጠግቶ ሲያይ እውነትም ካርዱ በአንድ ጎኑ ብቅ ብሏል። አቧራ ሲጠርግ በክንዱ ገፍቶት ኖሯል። ነቅሎ፣ አስተካክሎ፣ አሁን ሳይፈራ ተጫነው።

ቁልፉን ሲነካ ዐይኑ ከስክሪኑ ይልቅ ሚስቱ ፊት ላይ ነበር። ትንሽ ጠበቀችና ፊቷ ፈካ።

«አንዴ ብቻ፣ አጭር» አለች። ወዲያው ስክሪኑ በራ።

ልጃቸው በስልኩ ውስጥ እልል አለች። እሱ ሳጥኑን ሲገጥም ሚስቱ ረዥሙን ቅጂ ከፈተች፤ ዐይን ጨፍኖ እስኪገልጡ ተከፈተ። ደጋግማ እየዘጋች ከፈተችው፤ መፍጠኑ እንደ ልጅ አጫወታት።

መካኒኩ ብሎኖቹን አጥብቆ ሲጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት። ስለ ጆሮው መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

«ከሌላ ክፍል ስጠራህ መመለስ ካቆምክ ቆየህ። እኔም መጣራቱን ተውኩት። መጥቼ ትከሻህን ነካ አደርግሃለሁ።»

የመካኒኩ እጅ ወደ ትከሻው ሄደ። እርግጥ ነው፣ ከጡረታው ወዲህ ሚስቱ በመጣች ቁጥር ትከሻውን ነካ ታደርገዋለች። እሱ በስተርጅና ፍቅሯ የታደሰ መስሎት በልቡ ሲኩራራበት ኖሯል።

«እኔ እኮ...» ብሎ ጀመረና አፈረ። በስንት ጉትጎታ ያሰበውን ነገራት።

ሚስቱ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ማዳመጫዋን ከአንገቷ አውልቃ «እሱም አለበት፣ ሞኝ» አለችውና ትከሻውን ያዝ አደረገችው።

በሚቀጥለው ሳምንት አብረው ሐኪም ቤት ሄዱ። የጆሮ ሐኪሟ ጥፋቱ የሞተር ጩኸት መሆኑን፣ መጀመሪያ የሚሄደውም ቀጭን ድምፅ መሆኑን አስረዳችው፤ የተሰጠው የመስሚያ መሣሪያ ከጆሮው ኋላ የሚደበቅ ነው። ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱ ሁሉ ተንጫጫበት፤ የሚስቱ ፌስታል እንኳ ሲንኮሻኮሽ ዞር ብሎ ገላመጠው። መሻገሪያው ጋ ሲደርሱ ቆም አለና ቁልቁል አየ።

«ይሄ ጫማዬ ሁልጊዜ እንዲህ ሲጥ ሲጥ ይላል?»

«ከገዛኸው ጀምሮ» አለች ሚስቱ፣ ክንዱን ይዛ መንገዱን እያሻገረችው። «ሰፈሩ ሁሉ መምጣትህን የሚያውቀው በሱ ነው።»