ነብር መሳዩ ካፖርት

እናታቸው ስትሞት ሁለቱ እህትማማቾች ልብሶቿን ለዘመድ አዝማድ አከፋፈሉ፤ ነብር መሳዩን ካፖርት ግን ማንም ለመውሰድ አልደፈረም። የእውነት ነብር አልነበረም፤ ጠቃጠቆው በፋብሪካ የታተመበት ሰው ሠራሽ ፀጉር ነው። ያም ሆኖ እናትየዋ ለብሳው ብቅ ስትል ጎረቤቱ ሁሉ «ነብሯ ወጣች፣ ልጆቻችሁን ሰብስቡ!» እያለ ይቀልድባት ነበር። እሷም ፍንክች ሳትል እንደ ነብር ታገሳላቸው ነበር።

አባትየው ካፖርቱን ወንበር ላይ አንጠልጥሎ አጠገቡ እየተቀመጠ ያመሻል። አልጋውን ትቶ ሶፋው ላይ ኩርምት ብሎ ነው የሚያድረው።

ታላቋ ልጅ ልብስ ሰፊ ነች። አንድ ቅዳሜ ልትጠይቀው መጥታ ካፖርቱን ብታገላብጠው ገበሩን ብል በልቶታል።

«አባዬ፣ እንዲህ ተንጠልጥሎ ማለቁ ነው። ለምን ምንጣፍ አላደርገውም?»

አብራት የመጣችው ነርስ ታናሽ እህቷ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «እማዬን እንርገጣት ነው የምትይው?»

«ካፖርት ነው እኮ።»

«ለአንቺ ካፖርት ነው!»

አባትየው ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ፣ «ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ሲሚንቶው እግሯን ይቆረጥማት ነበር» አለ። «'እዚህ ጋ የምትነጠፍ አንዲት ነገር ግዛልኝ' ትለኛለች። እሺ እላታለሁ። እሺ እንዳልኳት ቀረች።» ከዚያ ወደ ታላቋ ዞሮ፣ «ስፊው ልጄ» አላት።

ነርሷ ቦርሳዋን አንስታ ደህና ዋሉ እንኳ ሳትል ወጣች።

ልብስ ሰፊዋ ሱቋ ውስጥ ገበሩን ተርትራ ጣለች። እጅጌዎቹን ፈታ ግራና ቀኝ ስትዘረጋቸው የነብር የፊት እግር መሰሉ። መቀስ ፀጉሩን ስለሚያረግፈው፣ ጨርቁን ገልብጣ በጠመኔ አሰመረችና በምላጭ ጫፍ እየሳሳች ቆረጠችው። የኋላ እግሮቹን ከኪሶቹና ከቀበቶው ቀጣጠለች፤ ስፌት ውስጥ የተቀበረውን ፀጉርም በመርፌ እየመዘዘች አወጣች። ኮሌታው ጋ ስትደርስ የእናቷ የፀጉር ቅባት ሸተታት። ልታጥበው አስባ ነበር፤ ተወችው። ማሽኑን አቁማ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ቁጭ አለች።

በሩን ገፍታ የገባችው ነርሷ ነበረች። እህቷን አየቻት። ወንበር ስባ ተቀመጠችና እጇን ዘረጋች።

«መርፌ ስጪኝ እስቲ፣ እትዬ። የሰው ቆዳ ሲሰፋ ስንቴ አይቻለሁ፤ ይሄ አያቅተኝም።»

«ሰውየው ተርፏል?»

«አንዳንዱ።»

ሁለቱም ፈገግ አሉ። ከምንጣፉ ሥር የሚለጠፈውን ወፍራም ጨርቅ ከሁለት ጫፍ እየሰፉ መሐል ላይ ተገናኙ።

ምንጣፉን ወስደው እናታቸው ትተኛበት በነበረው በኩል፣ ከአልጋው ጎን ወለሉ ላይ አነጠፉት። አባትየው ጫማውንና ካልሲውን አውልቆ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ ግን እግሩን ማሳረፍ አቃተው፤ አንጠልጥሎት ቀረ። ነርሷ ተንበረከከች። ሁለቱን እግሮቹን በእጆቿ ይዛ ቀስ አድርጋ ፀጉሩ ላይ አስቀመጠችለት።

ጣቶቹን አንቀሳቀሰ። «ይሞቃል» አለ። «ለካ ይሞቃል።» ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ።

ልጆቹ አይዞህ አላሉትም። አንዷ በግራ፣ አንዷ በቀኝ ሆነው አብረውት አለቀሱ። ሲወጣለት ፊቱን በመዳፉ አበሰና ውሃ አምጡልኝ አላቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ የሚያድረው አልጋው ላይ ነው። ጠዋት የሚወርደውም በእሷ በኩል ነው።